አረርና አፈሙዝ፦ ለአሮጌ ጠመንጃ ጥይትን በእጅ የመሙላት ጥበብ

በእጅ ጥይት መሙላት ማለት ቀድሞ የተተኮሰን የናስ ቀለሃ አጽድቶና ወደ ልኩ መልሶ፣ የተቃጠለውን ካፕሱል በአዲስ ተክቶ፣ የተመጠነ ባሩድ ጨምሮና በአፉ ላይ አረር ተክሎ እንደገና ለተኩስ የሚበቃ ሙሉ ጥይት ማዘጋጀት ሲሆን፣ ሥራው የብረት ማቅለጥን፣ የልኬትንና የኬሚስትሪን ዕውቀት በአንድነት የሚጠይቅ የቆየ የእጅ ጥበብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥይት የሚባለው ቀለሃን፣ ካፕሱልን፣ ባሩድንና አረርን አንድ ላይ የያዘው ሙሉ ዕቃ ሲሆን፣ አረር የሚባለው ከአፈሙዝ ወጥቶ ዒላማውን የሚመታው ክፍል ብቻ ነው፤ ካፕሱል ደግሞ በቀለሃው ግርጌ የሚቀመጥና በጠመንጃው መርፌ ሲመታ እሳት የሚጭር ትንሽ የብረት ቆብ ነው። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ በአንድ ተኩስ የሚያልቁ ሲሆን፣ ቀለሃው ግን በአግባቡ ከተያዘ ደጋግሞ ሊሞላ ይችላል። ፋብሪካዎች ጥይታቸውን መሥራት ካቆሙ ብዙ ዘመን ያለፋቸው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠመንጃዎች ዛሬም በአንዳንድ አገሮች የሚተኮሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥበቡን ከሩቅ የሚያየው ሰው የጥይት ጉልበትም ሆነ የዒላማ ትክክለኛነት ከባሩዱ ብዛት የሚመጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባሩዱ በተወሰነ ልክ ከተመጠነ በኋላ በእርሳስ አረር የሚሠራውን አሮጌ ጠመንጃ ዒላማውን እንዲመታ ወይም እንዲስት የሚያደርገው አረሩ ከአፈሙዙ ጋር ያለው መገጣጠም ነው፤ ይኸውም የአረሩ ውፍረት፣ የብረቱ ልስላሴ፣ የግርጌው ንጽሕናና በቀለሃው አፍ ላይ የተተከለበት ጥልቀት ነው። የጠመንጃ ታሪክ በአብዛኛው አንድን የእርሳስ ቁራጭ በአንድ የብረት ቧንቧ ውስጥ በልኩ ለማስኬድ የተደረገ ረጅም ጥረት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አፈሙዙ በውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት ጠመንጃ አረሩን እያሽከረከረ ስለሚልከው፣ አረሩ በአየር ላይ ሳይገለባበጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አረሩ እንዲሽከረከር ግን በቦዮቹ መካከል ያሉት ሸንተረሮች ሊነክሱት ይገባል፤ ሸንተረሮቹ እንዲነክሱት ደግሞ ከቧንቧው ስፋት ማነስ የለበትም። ከአፈሙዙ ጫፍ በሚጎርሱት ጥንታዊ ጠመንጃዎች ይህ ትልቅ ችግር ነበር፤ ምክንያቱም በልኩ የሆነ አረር ከጫፍ እስከ ግርጌ በዘንግ እየተገፋ ለመውረድ እጅግ ያስቸግራል፣ በቀላሉ የሚወርደው ደግሞ ሸንተረሩን አይጨብጥም። አዳኞች ክቡን አረር በቅባት በተነከረ ጨርቅ እየጠቀለሉ ችግሩን በከፊል ተወጡት፤ ለጦር ሠራዊት ግን መፍትሔው የመጣው ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ የተባለው ፈረንሳዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1849 ግርጌው የተቦረቦረ ሾጣጣ አረር ባቀረበ ጊዜ ነው። ይህ አረር ከቧንቧው ጥቂት ስለሚቀጥን ሳያስቸግር ይወርድና ባሩዱ ሲቀጣጠል ጋዙ የተቦረቦረውን ግርጌ ወደ ውጭ ገፍቶ ከቦዮቹ ጋር ያጣብቀዋል።

በግርጌው የሚሰፋ አረር ያለው ጥይት በኢትዮጵያ ታሪክም ስፍራ አለው። በሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በመቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲገጥም የያዘው ስናይደር የተባለው ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በዐውደ ውጊያ የተፈተነው በዚያን ዕለት ሲሆን፣ ጥይቱ ኤድዋርድ ቦክሰር የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን የቀየሰው፣ በሉህ ናስ የተጠቀለለ ቀለሃና ግርጌው የተቦረቦረ አረር የነበረው ነው። ከአፈሙዙ ጫፍ የሚጎርስ መሣሪያ ይዞ ቆሞ ባሩድና እርሳስ የሚያወርድ ወታደር፣ ከኋላ ቶሎ ቶሎ ከሚያጎርስ ጋር ሲገጥም ጀግንነቱ ብቻ የሚያካክሰው ልዩነት አልነበረም።

የቦክሰር ስም ዛሬም በጥይት ሞይዎች ዘንድ የሚነሣው በካፕሱሉ ነው። በቦክሰር አሠራር ካፕሱሉ የሚመታበት ትንሽ መሠረት በራሱ በካፕሱሉ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከካፕሱሉ ወደ ባሩዱ እሳት የሚያልፍበት ቀዳዳ በቀለሃው መካከል አንድ ብቻ ነው፤ የተተኮሰውን ካፕሱል ለማውጣት በዚሁ ቀዳዳ ቀጭን ዘንግ አስገብቶ መግፋት ይበቃል። ሃይረም በርዳን የተባለው አሜሪካዊ ኮሎኔል በዚያው ዘመን የቀየሰው ሌላው ዓይነት ግን መሠረቱን ከቀለሃው ጋር አንድ አድርጎ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎችን ከጎኑ ስለሚያኖር፣ አሮጌውን ካፕሱል ማውጣት አድካሚ ይሆናል። ከጊዜ በኋላ አሜሪካ የእንግሊዛዊውን፣ አብዛኛው አውሮፓ ደግሞ የአሜሪካዊውን አሠራር መያዛቸው የሚያስገርም ሲሆን፣ በእጅ ጥይት የመሙላት ልማድ በአሜሪካ ይበልጥ የመስፋፋቱ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ለጥበቡ ማሳያ የሚሆነው ከሁሉ ይልቅ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 ለስፕሪንግፊልድ ጠመንጃው የተቀበለው 45-70 የተባለው ጥይት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የአፈሙዙን ስፋት ማለትም 0.45 ኢንችን ሲያመለክት፣ ሁለተኛው 70 ግሬን ወይም 4.5 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ የሚይዝ መሆኑን ያሳያል፤ አረሩ ደግሞ 405 ግሬን፣ ማለትም 26 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀለሆች ከመዳብ የተሠሩና ካፕሱላቸው በውስጥ የተደበቀ በመሆኑ ዳግመኛ ሊሞሉ አይችሉም ነበር፤ መዳቡ ለስላሳ ስለሆነም አንዳንዶቹ ከተተኮሱ በኋላ በጠመንጃው ውስጥ ተጣብቀው ይቀሩ ነበር። ጦሩ ካፕሱላቸው ከውጭ የሚተከል ቀለሆችን ከያዘ በኋላ ግን ወታደሮች ለልምምድ የሚሆናቸውን ጥይት በየሰፈራቸው ይሞሉ ዘንድ መሣሪያ ታደላቸው። ከጦሩ ውጭ የነበሩት የጎሽ አዳኞችም በ1870ዎቹ በሰፊው ሜዳ ላይ ከከተማ ርቀው ሲከርሙ እርሳስና ባሩድ በጅምላ ገዝተው ማታ በእሳት ዳር አረር እያፈሰሱ ቀለሃቸውን ይሞሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 በኮኔቲከት ጆን ባርሎው ያቋቋመው አይዲያል የተባለው ድርጅት አረር ማፍሰሻንና መትከያን በአንድ ጉጠት መሰል መሣሪያ አጣምሮ በመሸጥ ሥራውን ለተራው ገበሬ ጭምር አቀረበው።

አረር የሚፈስበት ብረት በንጹሕ እርሳስነቱ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ፣ ከባድና እጅግ ለስላሳ ብረት ሲሆን፣ በንጽሕናው ሲቀር ቅርጽ ማውጫውን በደንብ ስለማይሞላ በጥቂት ቆርቆሮ ይደባለቃል። ቆርቆሮ የቀለጠውን እርሳስ እንደ ልብ እንዲፈስ ያደርገዋል፣ በመጠኑም ያጠነክረዋል። የአሜሪካ ጦር ለ405 ግሬኑ አረር ከ12 እጅ እርሳስ ጋር 1 እጅ ቆርቆሮ፣ በኋላ ለመጣው 500 ግሬን አረር ደግሞ ከ16 እጅ እርሳስ ጋር 1 እጅ ቆርቆሮ ይደባልቅ ነበር፤ የዛሬ ተኳሾች ለጥቁር ባሩድ ከ20 እስከ 30 እጅ እርሳስ ላይ 1 እጅ ቆርቆሮ መጨመርን ያዘወትራሉ። ይበልጥ ጠንካራ አረር ሲፈለግ አንቲሞኒ የተባለው ብረት ይጨመራል። ጋዜጣና መጽሐፍ በብረት ፊደል በሚለቀምበት ዘመን የላይኖታይፕ ማተሚያ ፊደል የሚፈስበት ድብልቅ 84 በመቶ እርሳስ፣ 12 በመቶ አንቲሞኒና 4 በመቶ ቆርቆሮ ስለነበር፣ ማተሚያ ቤቶቹ አሠራራቸውን ሲለውጡ የተጣለው የፊደል ብረት ለብዙ ዓመታት የአረር አፍሳሾች ሲሳይ ሆኖ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ጠንካራ አረር ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብሎ ማመን ስሕተት ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቀጣጠል ግፊቱ በድንገት ስለሚመጣ፣ ለስላሳው አረር ከመንቀሳቀሱ በፊት ከግርጌው ተጨፍልቆ ጥቂት ይወፍርና ቦዮቹን ይሞላል፤ እጅግ የጠነከረ አረር ግን አይጨፈለቅም፣ መጀመሪያውኑ ቀጭን ከሆነም ትኩሱ ጋዝ በጎኑ እያለፈ እርሳሱን አቅልጦ በአፈሙዙ ውስጥ ይለጥፈዋል። ተኳሾች በአፈሙዛቸው ውስጥ የእርሳስ ልጥፍ ሲያገኙ ብረቱን ማጠንከር ይቀናቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የልስላሴ ሳይሆን የቅጥነት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው አስቀድሞ ንጹሕ ለስላሳ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ ቀስ ብሎ እየገፋ ካሳለፈ በኋላ የቦዮቹ አሻራ ያረፈበትን ስፋት በማይክሮሜትር ይለካል፤ አረሩንም ከዚያ ልክ በ0.025 ወይም በ0.05 ሚሊ ሜትር አወፍሮ ያዘጋጃል። ይህ ልዩነት ከሰው ጸጉር የቀጠነ ቢሆንም በዒላማው ላይ በግልጽ ይታያል፤ በአሮጌ ጠመንጃዎች ደግሞ አንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የሠራቸው እንኳ እርስ በርስ ስለሚለያዩ፣ መለካቱን በመጽሐፍ ላይ በተጻፈ ቁጥር መተካት አይቻልም።

የማፍሰሱ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅርጽ ማውጫው ከቀዘቀዘ አረሩ የተጨማደደ፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ የደበዘዘ ይሆናል፤ በመሆኑም መጀመሪያ የሚወጡት አረሮች ማውጫው ሙቀቱን እስኪያገኝ ድረስ ወደ ድስቱ ይመለሳሉ። ሲመረመር ከሁሉ በፊት የሚታየው የአረሩ ግርጌ ነው። ፍራንክሊን ማን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ለብዙ ዓመታት ያደረጋቸውን ሙከራዎች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ የአረር አፍንጫ ሆን ተብሎ ቢበላሽ እንኳ አካሄዱን ብዙም እንደማያዛባው፣ የግርጌው ጠርዝ ጥቂት ሲጎድል ግን አረሩን ከዒላማ እንደሚያርቀው አሳይቷል፤ ምክንያቱም አረሩ ከአፈሙዙ ጫፍ በሚላቀቅባት ቅጽበት ጋዙ የሚያመልጠው በግርጌው ዙሪያ ስለሆነ፣ አንዱ ጎን ቀድሞ ከከፈተ አረሩ ወደ ጎን ይገፋል። አፍንጫው ያማረ፣ ግርጌው የጎደለ አረር ይዞ የሚሄድ ተኳሽ እንግዲህ የሚያየው ሌላ፣ ጠመንጃው የሚያየው ሌላ ነው።

ጥቁር ባሩድ በተለመደው አሠራር 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰልና 10 እጅ ድኝ ሲሆን፣ ሲቃጠል ከግማሽ የሚበልጠው ክፍሉ ወደ ጋዝ ሳይለወጥ ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ጥላሸቱ ሲደርቅ እየጠነከረ ስለሚሄድ ተከታዩ አረር የሚያልፍበትን መንገድ ያበላሻል። በአረሩ ወገብ ላይ ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት ጎድጓዳ ቀለበቶች ሰምና ሞራ የሚሞላባቸው ለዚህ ነው፤ ቅባቱ ጥላሸቱን ለስላሳ አድርጎ ያቆየዋል። የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ውጤት በረጅም ርቀት ውድድር ላይ ይታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1874 በኒው ዮርክ አጠገብ ክሪድሙር ላይ የአሜሪካና የአየርላንድ ተኳሾች በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ ርቀት ሲወዳደሩ፣ አየርላንዶቹ ከአፈሙዙ ጫፍ በሚጎርስ የሪግቢ ጠመንጃ፣ አሜሪካውያኑ ደግሞ ከኋላ በሚጎርሱት በሬሚንግተንና በሻርፕስ ተኩሰው በ934 ለ931 ያሸነፉት አሜሪካውያኑ ናቸው። የሦስት ነጥብ ብልጫ ብዙም አይባልም፤ ሆኖም ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ለረጅም ርቀት አይሆንም የሚለው የዘመኑ እምነት ከዚያ ወዲያ አልጸናም።

አረሩን በቀለሃው አፍ ላይ መትከል የሥራው መደምደሚያ ሲሆን፣ ብዙ ድካም የሚባክነውም በዚሁ ነው። የእርሳስ አረር ለስላሳ ስለሆነ ጠባብ የናስ አፍ ውስጥ በግድ ሲገፋ ጎኑ ይላጣል፤ ይህ እንዳይሆን የቀለሃው አፍ አስቀድሞ በጥቂቱ ይከፈታል፣ አረሩም ቀጥ ብሎ ከገባ በኋላ አፉ ወደ ልኩ ይመለሳል። ጥልቀቱን የሚወስነው የጠመንጃው ማጉረሻ ራሱ ነው። ጥይቱ ከሚተኛበት ክፍል ፊት ለፊት ሸንተረሮቹ የሚጀምሩበት ስፍራ አለ፤ አረሩ ከዚያ ስፍራ ርቆ ከተተከለ እስኪደርስ ድረስ ባዶ መንገድ ዘልሎ ተንጋዶ ሊገባ ይችላል፣ ሸንተረሩን ለመንካት ብቻ ሲደርስ ግን ገና ሳይተኮስ በአፈሙዙ መካከል ተስተካክሎ ይቆማል። ከመጠን በላይ ወደ ውጭ ከቀረ ደግሞ ሸንተረሩ ነክሶ ስለሚይዘው፣ ተኳሹ ጥይቱን ሳይተኩስ ለማውጣት ሲሞክር ቀለሃው ብቻ ተላቅቆ ባሩዱ በጠመንጃው ውስጥ ይፈስሳል፣ አረሩም በአፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። አረሩ በውስጥ ተወትፎ እያለ ሌላ ጥይት መተኮስ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ ይችላል።

በጥቁር ባሩድ ከዚህ በተጨማሪ አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ፤ በባሩዱና በአረሩ መካከል ባዶ ቦታ መቅረት የለበትም። ሞይዎች ባሩዱን በረጅም ቀጭን ቧንቧ ቀስ እያሉ የሚያፈስሱት እየተጠጋጋ እንዲተኛ ሲሆን፣ ከዚያ በላዩ ላይ ክብ የካርቶን ቁራጭ ያኖሩና አረሩ የሚያርፍበትን ስፍራ ለማግኘት በልክ ይጫኑታል። እንደ ዊንቸስተር 1886 ባሉት፣ ጥይቶች በአንድ ቱቦ ውስጥ ተከታትለው በሚተኙባቸው ጠመንጃዎች ደግሞ የአረሩ አፍንጫ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ሹል ከሆነ በጠመንጃው ርግጫ የፊተኛውን ጥይት ካፕሱል ሊመታ ይችላል። በእነዚህ ጠመንጃዎች የቀለሃው ከንፈር በአረሩ ላይ በጥብቅ መታጠፉም አረሩ ወደ ውስጥ ተገፍቶ እንዳይሰምጥ ነው።

በኢትዮጵያ ውጅግራ በሚል ስም የሚታወቀው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ለዚሁ መገጣጠም የተለየ መፍትሔ የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ጠመንጃ፣ ጥይቱ በወረቀት ተጠቅልሎ ይጎርስ የነበረውን የ1866ቱን ሻስፖ ወደ ብረት ቀለሃ ያሸጋገረ ሲሆን፣ 25 ግራም የሚመዝነውን የ11 ሚሊ ሜትር አረር 5.25 ግራም በሆነ ጥቁር ባሩድ ይልካል። አረሩ በቀለበት በተያዘ ቅባት ፋንታ በቀጭን ወረቀት የተጠቀለለ ነው፤ ወረቀቱ እርሳሱ ብረቱን እንዳይነካ ይጠብቀውና አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ተበጣጥሶ ይወድቃል፣ ከአረሩ ግርጌ የሚኖረው የሰም ቁራጭም ጥላሸቱን ያለሰልሳል። በዐድዋ ጦርነት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ በብዛት ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ጠመንጃ ነው። ጥይቱ ከውጭ በባሕርና በግመል ጀርባ የሚመጣ ውድ ዕቃ በመሆኑ በዘመኑ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር፤ አንድ ጥይት ሲተኮስ ገንዘብም አብሮ ይወጣ ነበርና ተኳሹ ዒላማውን ሳያረጋግጥ ቃታ የሚስብበት ምክንያት አልነበረውም።

ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራና በ1886 ሌበል ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ ከመጣ በኋላ፣ ጥቁር ባሩድ ከጦር ሜዳ ለመውጣት ብዙ አልቆየም። አዲሱ ባሩድ በትንሽ መጠን ከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ስለሆነ በአሮጌ ጠመንጃ ሲገባ አደገኛ ነው፤ በሰፊው አሮጌ ቀለሃ ውስጥ ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚይዝ፣ ትኩረቱ የተሰረቀ ሰው ሳያውቅ ሁለት ጊዜ ሊጨምርበት ይችላል፣ በለስላሳ ብረት የተሠራው አሮጌ መዝጊያም ያን ግፊት አይችልም። ከዚህም ሌላ እርሳስ ራሱ መርዝ ነው። በቀለጠው ላይ ከሚንሳፈፈው ጥላሸትና ከተነካካ እጅ ወደ አፍ እየገባ በሰውነት የሚከማች ሲሆን፣ ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው፤ ስለዚህ በሚበሉበትና ሕፃናት በሚውሉበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቀለጥም። በቀለጠ እርሳስ ውስጥ የገባች አንዲት የውኃ ጠብታም ወዲያው ወደ እንፋሎት ተለውጣ ብረቱን በሠሪው ፊት ላይ ትረጨዋለች።

በአሜሪካ ለራሱ የሚሆነውን ጥይት የሚሞላ ሰው ከፌዴራል መንግሥት የተለየ ፈቃድ የማይጠየቅ ሲሆን፣ በጥቁር ባሩድ ቀለሃና በእርሳስ አረር ብቻ የሚደረግ ውድድርም እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ይካሄዳል፤ ተወዳዳሪዎቹ በ200፣ በ300፣ በ385 እና በ500 ሜትር ርቀት የቆሙ የዶሮ፣ የአሳማ፣ የተርኪና የበግ ቅርጽ ያላቸውን ብረቶች መትተው ይጥላሉ። በኢትዮጵያ ግን የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድ የሚገዛ ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ውጅግራ ወይም ስናይደር በቤቱ ያለ ሰው በሕግ ያስመዝግበው፤ ምናልባት ጎርሶ የቀረ እንዳይሆን በሚያውቅ ሰው ያስመርምረው፤ ልተኩሰው ብሎም የዛሬ ባሩድ አይጨምርበት። ቀለሃና የአረር ማፍሰሻ አብሮ ከተገኘም ለቁራሊዮ ከመሸጥ ይልቅ ከጠመንጃው ጋር በአንድነት ለሙዚየም ቢሰጥ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች መሣሪያቸውን እንዴት ያጎርሱ እንደነበር የሚያሳይ የማይተካ ማስረጃ ይሆናል።